«ክሎሮፕላስት ነው» ብል ማን ይመነኛል

ሰው በብዙ ነገር ይዋረዳል። በምላሱ የሚዋረድ አለ፣ ሚዜ ሆኖ ሲጨፍር ሱሪው የሚቀደድበት አለ። እኔ የተዋረድኩት በቅጠል ነው። ይሄን ስል አሁኑኑ የጠረጠራችሁትን ነገር ስለማውቅ ከወዲሁ ልማል፦ ወላሂ አልቅምም፤ ቅሜም አላውቅም። ችግሩ ይሄን መሐላ ከሰሙኝ ሰዎች መካከል እስካሁን ያመነኝ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የተወለድኩ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ የማስተምር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አባቴ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ፉርጎ ሲቀጥሉና ሲፈቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የድሮው ባቡር መምጣት ካቆመ ስንት ዘመኑ፤ እሳቸው ግን ዛሬም ጠዋት ሄደው ሐዲዱን ካላዩ ቁርስ አይወርድላቸውም። ባለቤቴ ከድጃ ደግሞ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ሰመራ ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን፤ አብረን ያደርንባቸው ቀናት ቢሰበሰቡ ግን አንድ ረመዳን አይሞሉም። እኔ ስሄድ እሷ ተረኛ ናት፤ እሷ ስትመጣ እኔ ፈተና አርማለሁ። ባለፈው ዒድ በስልክ ስናወራ መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠና በአራተኛው «ቆይ፣ እኔ ያገባሁት ባል ነው ወይስ ኔትወርክ?» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። የዝውውር ማመልከቻዬን የጻፍኩት በዚያው ቀን ነው።

ማመልከቻው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ከርሞ አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ። «መምህር፣ ሐሙስ ጠዋት ሰመራ መጥተው በኮሚቴ ፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራሉ። ካለፉ ዝውውሩ ይፈቀድልዎታል። ካላለፉ ማመልከቻዎ ይዘጋል» አለኝ አንድ የማላውቀው ድምፅ። ርዕሱን ጠየቅኩት። ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝና አነበበልኝ፦ «በአባቢ ተክሎች ውስጥ ብርሃን አስተፃምሮ የት ይከናወናል? ክሎሮፕላስትስ ምንድን ነው?» ከዚያ «ግን ምንድን ነው?» ብሎ ራሱ ጠየቀኝ። ሐሙስ እነግርዎታለሁ አልኩት።

በደስታ ልሞት ደረስኩ። ብርሃን አስተፃምሮ የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ጥርሱ ሙሉ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ቃሉ ከባድ ነው፤ ነገሩ ግን የእኔ ነው። ሌላው ሰው ዛፍ ሲያይ ጥላውን ያስባል። እኔ ቅጠል ባየሁ ቁጥር ውስጡ የሚሠራው ሥራ ይገርመኛል። ያቺ ስስ ቅጠል ውስጧ በሴል የተሞላ ነው፤ በአብዛኞቹ ሴሎች ውስጥ ደግሞ ክሎሮፕላስት የሚባሉ አረንጓዴ ቅንጣቶች ተሰግስገዋል፤ እነሱ ናቸው ከብርሃን፣ ከውሃና ከአየር ስኳር የሚሠሩት። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። ይሄንኑ ለከድጃ በጫጉላችን ሰሞን ሳስረዳት እንቅልፍ ወስዷታል።

ለእንዲህ ያለ ርዕስ ትኩስ ቅጠል ያስፈልጋል። ሰመራ ቅጠል የለም ማለቴ አይደለም። ኒም አለ፤ መንገድ ዳሩን ሁሉ የወረረው ያ እሾሃም ዛፍም አለ። እኔ ግን ኮሚቴ ፊት አቧራ የጠጣ ቅጠል ይዤ መቅረብ ከበደኝ፤ ጉራ ነው በሉት። ረቡዕ በማለዳ ከአባቴ ግቢ ለምለሙን የዘይቱን፣ ጓቫ የምትሉትን፣ ቅጠል ከነቀንበጡ ቆረጥኩ። አባቴ አዩኝና «እንዲህ ይዘኸው ብትሄድ ገዋኔ ሳትደርስ ይጠወልጋል» አሉ። ራሳቸው በሙዝ ቅጠል ጠቀለሉት፣ በገመድ አሰሩት፣ ውሃ ረጩበት። ሲጨርሱ ጥቅልሉን አየሁት። ከፍራፍሬ ዛፍ የተቆረጠ ነገር መምሰሉን ትቶ ነበር። ከገለምሶ በኩል በጥድፊያ የሚመጣውን የጫት ጭነት የሚያውቅ ሰው ምን እንደመሰለ ይገባዋል።

ሚኒባሱ ውስጥ ገና ስገባ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። አዋሽ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያውቀኛል። «መምህር! አንተም?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ቅጠል ነው» አልኩት።

በእኛ አገር ይሄን ቃል ብቻውን መናገር ስህተት መሆኑን ያስተዋልኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከአዋሽ እስከ ሎጊያ ቅጠል ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሌላው ዛፍ ሁሉ ቅጠል፣ የዛፉ ስም አብሮ ካልተጠራ፣ እንደ ቅጠል አይቆጠርም። አጠገቤ የተቀመጡት ጺማቸውን ሂና የቀቡ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ጥቅልሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አንድ ኬላ ላይ ፖሊስ ገባ። ሻንጣ አየ፣ መታወቂያ አየ፣ እኔ እግር ሥር ሲደርስ ቆመ።

«የማን ነው ይሄ?»

«የእኔ ነው።»

«ምንድን ነው?»

አሁንማ ተምሬያለሁ፤ ቅጠል አልልም አልኩ በልቤ። «የማስተማሪያ መሣሪያ ነው» አልኩ።

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ፖሊሱ ግን አልሳቀም። «ማንን ነው የምታስተምርበት?»

«ተማሪዎችን።»

«ስንተኛ ክፍል?»

«ዘጠነኛ።»

ሳቁ በአንዴ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «አዑዙ ቢላህ!» ሲሉ ተሰማኝ። ፖሊሱ ቀስ ብሎ «ዘጠነኛ ክፍል» አለ። «የእኔም ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ውረድ!»

ወረድኩ። አስፋልት ዳር፣ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ቆማ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ ስለ ብርሃን አስተፃምሮ ማስረዳት ጀመርኩ። «ጌታዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ እዚህ ቅጠል ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባል ነገር አለ» አልኩት። ፖሊሱ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። «የተቀላቀለበትን ነገር ስም እስቲ ድገምልኝ» አለ። ደገምኩለት። ጻፈው። «ብዙ ነው ያለበት?» ሲለኝ መምህርነቴ አሸነፈኝና «በጣም ብዙ! አንዱ ሴል ውስጥ ብቻ ስንት አለ መሰለህ!» አልኩት። እሱንም ጻፈ።

ያዳኑኝ ሐጂ ናቸው። በእርጋታ ወርደው መጡ፣ ከጥቅልሉ አንድ ቅጠል መዘው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ጫፉን ነከስ አድርገው ተፉት። «ዘይቱን ነው» አሉ። «ይሄ የሆድ መድኃኒት ነው። ልጁ ሆዱ ተበላሽቶበት ነው፤ አፍሮ ነው የሚዘባርቅላችሁ።»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ፖሊሱ ደብተሩን ሲያጥፍ አየሁ። የተሳፋሪው ፊት ሁሉ ከጥላቻ ወደ ርኅራኄ ሲቀየር አየሁ። ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ፖሊሱ «ለጥንቃቄ» ብሎ አንድ እፍኝ ቅጠል ወሰደና ለቀቀን። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ለጠላቴም አልመኘውም። ሾፌሩ በሩ አጠገብ አስቀመጠኝ። በየግራሩ ጥላ «መምህር፣ እንቁም?» ይለኛል። ደህና ነኝ ስለው «አትፈር እንጂ፣ ሁላችንም ሰው ነን» ይላል። ሁለት ጊዜ በግድ አስወረደኝ፤ ተሳፋሪው ሁሉ እየጠበቀኝ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተቀምጬ ጠጠር ስቆጥር ቆይቼ ተመለስኩ። እነዚያ አዑዙ ቢላህ ያሉት እናት «ልጄ፣ እኔንም ሰሞኑን ይቆርጠኛል» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ሌላው ሚስቱን ያማታል። ሰጠሁት። ሚሌ ስንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ሆዱ ደህና የሆነ ሰው አልቀረም ነበር። ሰመራ አጠገብ ሎጊያ ስወርድ በእጄ ያለው ገመዱና የሙዝ ቅጠሉ ብቻ ሆነ፤ የሙዝ ቅጠሉም በሙቀቱ በስሎ ጎመን መስሏል።

እንግዲህ አስቡት። ነገ ጠዋት ፈተና ነው፤ እኔ ባዶ እጄን ነኝ። ጋራዥ በር ላይ እጁን በጨርቅ የሚወለውል ሰው አገኘሁና «ወንድሜ፣ እዚህ ጥሩ ቅጠል የት አገኛለሁ?» አልኩት። ደገምኩት፤ አዎ። ሰው ከስህተቱ ይማራል የሚሉት እኔን አያውቁኝም። ሰውየው እጄን ይዞ መንገድ አሻግሮ አንዲት ጠና ያሉ ነጋዴ ፊት አቆመኝ። «እትዬ አልማዝ፣ እንግዳ ነው፤ ጥሩውን ይስጡት» ብሎ ሄደ።

«ለመቃም አይደለም» አልኳቸው ቶሎ ብዬ።

«ታዲያ ለምን ነው?»

«ለማየት ነው። ቆራርጬ ውስጡን ላየው ነው።»

እትዬ አልማዝ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «የእኔ ልጅ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከተውክ ስንት ቀንህ ነው?»

«አልቅምምኮ እትዬ!»

«እሱማ ነው፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ግን ስማኝ፤ እያዩ መቀመጡ ይብሳል። ቃም አድርገውና ይውጣልህ።» አንዲት ትንሽ እስር መርጠው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

ልመልሰው ነበር፤ ሳይንሱ አሳሳተኝ። ጫት አባቢ ተክል ነው፤ ትንንሽ ነጭ አበባ ያወጣል። ክሎሮፕላስቱም ከማንም ለምለም ቅጠል አያንስም። በስሱ ቆርጬ ማይክሮስኮፕ ሥር ካስገባሁት ማን ስሙን ይጠይቀኛል? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳምኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና በባጃጅ ሰመራ ገባሁ። ከድጃ ሥራ ላይ ነበረች። ቅጠሉ እንዳይጠወልግ ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ ሥር ሸጎጥኩት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኒካህ ያሰርን ቀን ከድጃ ከእኔ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤቷ ጫት እንዳይገባ። ታላቅ ወንድሟ በዚህ ነገር ትምህርቱንም ትዳሩንም ሲያጣ እያየች ነው ያደገችው። ይሄን አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ከቲማቲም ሥር የሸጎጥኩት። ሞኝነቴ ልክ ቢኖረው ኖሮ እዚህ ላይ ይቆም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ገባች። ተቃቀፍን፣ ሳቅን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ልታመጣልኝ ሄደች። ስትመለስ በእጇ የያዘችው ውሃ አልነበረም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክሎሮፕላስት ነው» አልኩ።

«ስሙን ቀየራችሁት?» አለችኝ።

ከዘይቱኑ ጀምሬ ነገርኳት፤ ፖሊሱን፣ ሐጂን፣ የሌለብኝን የሆድ ሕመም፣ እትዬ አልማዝን። እየተናገርኩ ታሪኩ ለራሴም ውሸት እየመሰለኝ መጣ። ከድጃ ነርስ ስለሆነች ሕመምተኛ ሲዋሽ ማዳመጥ ታውቅበታለች፤ እንደዚያው አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሁለት ዓመት የጠበቅኩህ ለዚህ ነው?» አለች። ወጥታ እስሩን በአጥር ላይ ወደ ጎረቤት ፍየሎች ወረወረችው። ፍየሎቹ አንዲት ቅጠል አላስቀሩም፤ እስከ መግሪብ ሶላት ድረስ ግድግዳ ሲወጡና ሲወርዱ አመሹ። እሷ ተመልሳ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ለማስተማር ነው ያመጣሁት አላልክም? እሺ፣ ነገ አስተምር። ካለፍክ አምንሃለሁ» አለችኝ። ከወደቅኩ ምን እንደሚሆን አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ወኔ አልነበረኝም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ተስፋ ብቻ ነበረኝ፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለው ትልቁ ኒም። አቧራውን አጥቤ እጠቀምበታለሁ ብዬ በሩን አልፌ ገባሁ። ኒሙ ለኮሚቴው ክብር ሲባል ከትናንት ወዲያ ተከርክሟል። መከርከም ብቻ አይደለም፤ ግንዱን ኖራ ቀብተው አንዲት ቅጠል ሳያስቀሩ መልምለውታል። የግቢው ጥበቃ አጠገቤ ቆመው «አማረ አይደል?» አሉኝ። አምሯል አልኩ።

ክፍል ገባሁ። ማይክሮስኮፑ ጠረጴዛው ላይ ተወልውሎ ያብለጨልጫል፤ ሥሩ የሚገባ ነገር የለም። መብራት ጠፍቷል፤ ማራገቢያው ቆሟል። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ንፋስ እንዲያገኙ ከፊት በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው አቶ ሁሴን ናቸው፤ ወደ ትምህርት ሥራ ከመምጣታቸው በፊት ስኳር እርሻ ላይ ብዙ ዘመን ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ይሄን ራሳቸው ከሰላምታው ጋር ነው የነገሩኝ።

«ጀምር መምህር። ቅጠልህ የታለ?» አሉኝ።

የከድጃ ፊት መጣብኝ። ተማሪዎቹን አየሁ፤ ሁሉም በደብተራቸው ፊታቸውን ያራግባሉ። ዘንድሮ ከተማው ውስጥ የነበረው የደብተር ፕላስቲክ አንድ ቀለም ብቻ ነበር መሰለኝ፣ የሁሉም ደብተር ሽፋን አረንጓዴ ነው። ክፍሉ ሙሉ አረንጓዴ ነገር እየተርገበገበ ነው።

«ተነሱ!» አልኩ። «ዛሬ ቅጠሉ ይሄ ክፍል ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ሴል ናችሁ። የያዛችሁት ደብተር ክሎሮፕላስት ነው።»

ብርሃኑ በሚገባበት በር በኩል ያሉትን ትከሻ ለትከሻ አጠጋግቼ ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ደብተር አሲያዝኳቸው። «ብርሃን አስተፃምሮ በብዛት የሚከናወነው እናንተ ጋ ነው» አልኳቸው። ከኋላ ያሉትን አራራቅኳቸው፤ ደብተራቸውም አንድ አንድ ብቻ፤ በመካከላቸው አየር ያልፋል። በየመስኮቱ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ተማሪ አቆምኩ፤ እነሱ የቅጠሉ ቀዳዳ ጠባቂዎች ናቸው።

«እኛስ?» አሉ አቶ ሁሴን።

«እናንተ የላይኛው ቆዳ ናችሁ።»

«ለእኛ ደብተር አልተሰጠንም።»

«የላይኛው ቆዳ ክሎሮፕላስት የለውም፣ አቶ ሁሴን። ምግብ አይሠራም። ሥራው ከሥር ያሉትን መጠበቅና ብርሃኑን ሳይከለክል ማሳለፍ ነው።»

ከፊት የቆመች ፋጡማ የምትባል ተማሪ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ከኮሚቴው አንዱ የሆነ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ሞቅ ብሎኝ ነበር፤ ቀጠልኩ። «ፀሐዩ በረታ፤ ውሃ ጠፋ። ቅጠሉ ምን ያደርጋል?» አልኩ። «ቀዳዳውን ይዘጋል!» አሉና መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አደረጉት፤ ከመጠን በላይ የተጋ አንዱ በሩንም ዘጋው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሰመራ ፀሐይ፣ የቆመ ማራገቢያ። ትንሽ ቆየን። የአቶ ሁሴን መነጽር በላብ ደበዘዘ።

«በቃ፣ ገብቶናል፤ ክፈቱት» አሉ።

«ውሃ የለም። ውሃ ከሌለ ጠባቂዎቹ ይልፈሰፈሳሉ፤ ቀዳዳው አይከፈትም። ካልተከፈተ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይገባም። ሥራ ቆሟል።»

«ታዲያ ውሃ አምጡ እንጂ!» ብለው ጮኹ። ውሃ በጀሪካን መጣ፤ ለመስኮት ጠባቂዎቹ ተረጨ፤ መስኮቱ ተከፈተ፤ ሁላችንም ተነፈስን። ውሃ ለቅጠል ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ያልገባው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

«አሁን የመጨረሻ ጥያቄ» አልኩ። «ስኳር የት ነው የሚሠራው?»

«ፋብሪካ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። አቶ ሁሴን በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይደለም። ስኳሩ የሚሠራው ሸንኮራው ቅጠል ውስጥ ነው፤ ክሎሮፕላስቱ ውስጥ። ፋብሪካው ተሠርቶ ያለቀውን ነው የሚጨምቀው።»

አቶ ሁሴን ከወንበራቸው ተነሡ። «ስማ መምህር። እኔ ዕድሜዬን እዚያ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስኳሩን የሠራነው እኛ ነን!»

ዝውውሬ ሲያርግ ታየኝ። ፋጡማ ሦስት ደብተሯን እንዳቀፈች፣ ከልቧ ልታስረዳቸው ፈልጋ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ቆዳው ነዎት» አለቻቸው።

አቶ ሁሴን ልጅቷን አዩ። እኔን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የተቆጡ መስሎኝ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እየሳቁ ነበር። እንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ «እኔም ያኔ ጠርጥሬ ነበር፤ ሸንኮራው ገና ሳይቆረጥ ይጣፍጥ ነበር» አሉና ተቀመጡ።

ከሰዓት ቢሮ ተጠራሁ። አቶ ሁሴን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ዘረጉልኝ። አልፌያለሁ። «ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ» ይላል። «መምህሩ ቅጠል በሌለበት ስለ ቅጠል በብቃት የማስተማር ልዩ ችሎታ ስላላቸው» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ «ወደ ሰርዶ ተዛውረዋል» ይላል።

«ሰርዶ?» አልኩ። ከሰመራ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት የማትርቅ ቦታ ናት።

«ሰመራማ ኒሙ ነገ ያቆጠቁጣል፤ ማንም ያስተምረዋል» አሉ አቶ ሁሴን ከልባቸው እያመሰገኑኝ። «ሰርዶ ግን ድንጋይና ከባድ መኪና ነው። የላክነው የባዮሎጂ መምህር ሁሉ ማሳያ የለም እያለ ይመለስብናል። እንደ አንተ ያለ ሰው ነበር የጠፋን።»

በረንዳው ላይ ወጥቼ ለከድጃ ደወልኩ። ማለፌን ነገርኳት። አልሐምዱሊላህ አለች፤ ድምፅዋ ከትናንትናው ለስለስ ያለ ነበር። ከዚያ ሰርዶን ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሄሎ? ከድጃ?»

«አለሁ። ከሰርዶ ማታ ማታ ቤትህ ትገባለህ?»

«በጭነት መኪና ተሳፍሬም ቢሆን እገባለሁ።»

«ታዲያ ምን ቆመህ ታወራኛለህ? ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ገብተህ ፈርም!»

ገብቼ ፈረምኩ።